ድሩ ከተዘረጋ በኋላ

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ደንበኞቼ ስለ እኔ የሚያወሩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ድሩ ከተዘረጋ በኋላ ትእዛዝ አልቀይርም ማለቴን ነው። ሙሽራም ትሁን የሙሽራ እናት፣ ቀለም ልትለውጥም ሆነ ጥለት ልታሰፋ መምጣት ያለባት ባለቤቴ ድሩን ከመዘርጋቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ብታለቅስም አልሰማትም። አንዷ ተናዳ "አንቺ ሰው ነሽ ወይስ ፍርድ ቤት?" ብላኝ ታውቃለች። ፍርድ ቤትስ ይግባኝ አለው አልኳት።

ባለቤቴ ሸማኔ ነው። እሱ ይሸምናል፣ እኔ እሸጣለሁ። ቤታችን ከሱቁ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው፤ እግሩን አስገብቶ የሚሸምንበት ጉድጓድም እዚያው ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር ነው። ድር ማለት በልብሱ ርዝመት የሚሄደው ክር ነው። እሱ አንዴ ከተዘረጋ የልብሱ ነገር ተወስኗል፤ መቀየር ክሩን ቆርጦ መጣል ነው እያልኩ ለደንበኛ ሁሉ አስረዳለሁ። ድር ለመዘርጋት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን በግቢው ወዲያና ወዲህ ቆመን እንወጥረዋለን። ከተጋባን ጀምሮ ያንን ጫፍ ከእኔ በቀር ማንም ይዞለት አያውቅም ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን ግራ እጄን ማንሳት ስላቃተኝ አጥሩ ላይ ሚስማር መትቶ እዚያ ማሰር ጀመረ። ያንን ሚስማር ባየሁት ቁጥር ይከፋኝ ነበር።

ግራ ጡቴ የወጣው በሰኔ መጨረሻ ነው። እብጠቱን ያገኘሁት ራሴ ነኝ፤ ለፋሲካ የተሰፋልኝን ቀሚስ ስለካ እጄ ላይ መጣ። ከዚያ ወዲህ የነበረውን ምርመራና ወረፋ አልዘረዝርም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ያላየው ባያውቀው ይሻለዋል።

ቀዶ ጥገናውን ያደረጉልኝ ጎልማሳ ሐኪም በማግስቱ አልጋዬ አጠገብ ቆመው፣ "እብጠቱ ትንሽ ነው፣ በደንብ ወጥቷል። ከብብትሽም ንፍፊቶች ለምርመራ ወስደናል። እነሱ ንጹሕ ሆነው ከተገኙ ክኒን ብቻ ሊበቃሽ ይችላል" አሉኝ። ንግግራቸውን ዛሬ ከነአነጋገራቸው አስታውሰዋለሁ። ያን ቀን ግን የሰማሁት መውጣቱንና ክኒኑን ብቻ ነው። የቀረውን እዚያው አልጋው ላይ ጥዬው ወጣሁ።

ቤት ስገባ ጠያቂው ጎረፈ። ብርቱካን በፌስታል የያዘ፣ ዳቦ ያስጋገረ፣ ምንም ሳይዝ መጥቶ ሲያለቅስ የዋለም ነበር። ከሱቄ አጠገብ ሻሽና መጋረጃ የምትሸጠው ጎረቤቴ ሱቋን ለእህቷ ልጅ ሰጥታ ሁለት ቀን ሙሉ የእኔን ሱቅ ስትጠብቅልኝ ዋለች። ለመጣው ሁሉ "አለቀ፣ ተገላገልኩ፣ ክኒን ብቻ ነው የቀረኝ" አልኩት። "እንኳን አተረፈሽ" አሉኝ፣ ጎረቤቴም "አልሐምዱሊላህ" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። እጄን በነጠላ አስሬ እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጥቼ አመስግኜ ተመለስኩ። ጥየቃው እንደ ሠርግ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ባለቤቴ ብዙ አይናገርም። ጠያቂው ሲሳሳ አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ "ዘንድሮ ለመስቀል እንሂድ" አለኝ። አገሩ ጋሞ ደጋ ነው። ለእነሱ መስቀል የዓመቱ ሁሉ በዓል ነው፤ በዚያ ሰሞን የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጓዙን ሸክፎ ስለሚሄድ መንደራችን ጭር ይላል። እኛ ግን ሱቅ፣ ሥራ፣ ትእዛዝ እያልን አምስት ዓመት ቀርተን ነበር። ምክንያቱን ደግሞ ሁልጊዜ የማቀርበው እኔ ነኝ። እናቱ አርጅተዋል፣ ዐይናቸውም ደክሟል። እሺ አልኩት። በዚያው ሳምንት ለእናቱ ነጠላ ድር ዘረጋ፤ ዐይናቸው ቢደክምም የሚለዩት ቀይና ቢጫ ከጥቁር ጋር ደማቅ ጥለት ሊያገባበት አስቦ። ስልክ ደውሎ ሲነግራቸው ድምፁ ተለወጠ። ያን ያህል እንደናፈቀ አላውቅም ነበር።

በሐምሌ አጋማሽ ለውጤት ሆስፒታል የሄድኩት ብቻዬን ነው። ለአንድ ወረቀት ሰው ማስከተል አስፈላጊ አልመሰለኝም። ቀዶ ሐኪሙ ወረቀቱን አይተው ወደ ሌላ ክፍል ላኩኝ። እዚያ የጠበቀችኝ ከእኔ በብዙ የምታንስ፣ የካንሰር ሐኪም የሆነች ሴት ናት። ወንበር ሰጠችኝና በሩን ዘጋችው። በሩን ስትዘጋው ደስ አላለኝም።

"ከብብትዎ ከተወሰዱት ንፍፊቶች ሦስቱ ውስጥ ካንሰሩ ተገኝቷል" አለችኝ። "ስለዚህ ዕቅዱን ቀይረነዋል። መጀመሪያ ኬሞ እንሰጥዎታለን፣ በየሦስት ሳምንቱ፣ በደም ሥር። ቀጥሎ ጨረር ይኖራል። ክኒኑ ከዚያ በኋላ ነው።"

"ክኒን ብቻ ነው ተብያለሁ" አልኳት።

"እሱ የተባለው ናሙናው ከመታየቱ በፊት ነው።"

"የተወሰነ ነገር እንዲህ ይቀየራል እንዴ፣ ዶክተር?"

"አልተወሰነም ነበር። ዛሬ ነው የተወሰነው።"

በሃያ ዓመት የሱቅ ሥራ ከጠረጴዛው በዚህኛው በኩል ተቀምጬ አላውቅም። የምትናገረው በእኔ ቃና ነው፤ ሳትቆጣ፣ ሳትለሳለስ፣ ለመከራከር ቀዳዳ ሳትተው። ቢሆንም ተከራከርኩ። ከመስቀል በኋላ ብጀምርስ አልኳት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ወደ እኔ አዙራ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ሳምንቶቹን ቆጠረችልኝ።

"ከቀዶ ጥገናው በራቀ ቁጥር የመድኃኒቱ ጥቅም ይቀንሳል። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ማክሰኞ እንጀምር። ቢዘገይ ቢዘገይ ነሐሴ ማለቅ የለበትም።"

"ባልጀምርስ?"

"ሊመለስ ይችላል። ሲመለስ ደግሞ እንደ አሁኑ ቆርጠን የምናወጣው ላይሆን ይችላል።" እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ "ፀጉርዎ ይረግፋል፤ ግን ተመልሶ ይበቅላል" አለችኝ። ስለ ፀጉሬ አልጠየቅኳትም ነበር።

የቀጠሮውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፌ ሱቅ ውስጥ የክር ናሙና በማስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ሥር ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ለምን እንዳልተናገርኩ ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ለባለቤቴ መስቀልን እንዳላበላሽበት ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ እውነትነትም አለው። ግን ከዚያ በላይ ያስጨነቀኝ ጠያቂው ነው። ያ ሁሉ ሰው መጥቶ፣ አልቅሶ፣ እንኳን አተረፈሽ ብሎ ሄዷል። አሁን እንደገና ተጠርቶ "አላለቀም ነበር፣ ተሳስቻለሁ" ሊባል ነው። ሰውን ያታለልኩ ያህል አፈርኩ። ከሁሉ በታች ደግሞ ፍርሃት ነበር። ደፋር ናት የሚሉኝ ሰዎች ይህን ቢያነቡ ይገረሙ ይሆናል።

ያ ማክሰኞ ሲደርስ ሱቄን ከወትሮው አስቀድሜ ከፈትኩ። ለእንቁጣጣሽ ልብስ የሚገዛው እየበዛ ስለነበር ሥራ አልጠፋም። ሦስት ሰዓት ላይ ሆስፒታል መሆን ሲገባኝ የሁለት መንታ ሕፃናት ቀሚስ እየለካሁ ነበር። በእናታቸው ላይ ያለ ምክንያት ጮህኩባት።

ከዚያ ቀን በኋላ ባለቤቴ ጠባዩ ተለወጠብኝ። ፍልሰታ ገብቶ እየጾምን ሳለን አንድ ቀን ትኩስ ወተት በብርጭቆ ይዞ መጣ። ምነው ዛሬስ ጾሙን ረሳኸው አልኩት።

"የንስሐ አባታችንን ጠይቄያለሁ፤ ሕመምተኛ ናት፣ ትጠጣ ብለዋል።"

"ሕመምተኛ ማን ነው? ድኛለሁ እኮ።"

"ጠጪው" አለኝ።

ጠጣሁት። በማግስቱ ደግሞ እንቁላል አመጣ። ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ከግቢ መውጣት ጀመረ። በአገሩ ቋንቋ ነው የሚያወሩት፤ እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ከእሱ የተማርኩት ነይ፣ ሂጂ፣ ብይ የሚሉትን ነው። አጠገቡ ብቆምም አይገባኝም ነበር። ስለ ጉዞው ስጠይቀው "እናያለን" ይላል። አምስት ዓመት ያስቀረሁት እኔ ሆኜ ሳለ፣ አሁን እሱ ሲያቅማማ ገረመኝ፤ ትንሽም ተናደድኩ።

ንዴቴ የገነፈለው ግን ጓሮ የወጣሁ ዕለት ነው። ክር ልወስድ ወደ ዳሱ ጎራ ስል የሚሸምነው የእናቱን ነጠላ አይደለም። ስስ፣ ነጭ፣ ጥለት የሌለው ጨርቅ ነው፤ ሲነኩት ጣት ላይ የማይሰማ ዓይነት። የእናቱ ድር ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት አፍ ብቅ ብሎ ይታያል።

"ይህን ማን አዘዘህ?" አልኩት።

"አንዲት ሴት።"

"በእኔ በኩል አይደለም እንዴ ትእዛዝ የሚመጣው?"

"ቸኩላ ነው።"

"የእናትህስ? ድሩ ከተዘረጋ በኋላ ቆረጥከው?"

"አዎ" አለኝ። መወርወሪያውን እንኳ አላቆመም።

ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፍኩት። ያቺን ሴት በዐይነ ሕሊናዬ ሠራኋት፤ መኪናዋን ሱቃችን በር ላይ አቁማ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ የድሃ ሸማኔ እናት ነጠላ አስቆርጣ የራሷን የምታሠራ ሴት። ስሟን ስለማላውቀው "ያቺ ባለ ጥድፊያ" እያልኩ ለጎረቤቴ አማኋት። እሱ እየሰማኝም ሰደብኳት። አንገቱን ደፍቶ መሸመኑን ይቀጥላል።

ፍልሰታ ተፈትቶ በሁለተኛው ማክሰኞ ጠዋት ታላቅ እህቴ መጣች። ዊንጌት አካባቢ ነው የምትኖረው፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ከቤቷ ወጥታ ዳገት የምትወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ትልቅ ቦርሳ አንጠልጥላ፣ ጃንጥላዋ ውኃ እያንጠባጠበ በር ላይ ቆመች።

"ተነሺ፣ ሆስፒታል እንሂድ። ቁስሉን ሊያዩት ነው። አምስት ደቂቃ ነው።"

"ማን አለ?"

"ደውለው... እ... ማለቴ፣ እንዲያው መታየት አለበት። በቃ ተነሺ።"

እህቴ አርባ ዓመት ልጆችን አትዋሹ ስትል የኖረች ሴት ናት፤ ውሸት አፏ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ደግ ነገር አስባ መጥታ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በቆርቆሮው ሥር ስላለው ወረቀት አሰብኩ፣ ነሐሴ ሊያልቅ ስለመሆኑም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እኔ እግሬን ማንሳት ያቃተኝን መንገድ ሌላ ሰው ይዞኝ ሊሄድ ነው። ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ተነሳሁ። ባለቤቴ ጓሮ አልነበረም።

ታክሲው ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ መስኮቱን አጥቦታል፣ ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ከእህቴ ጭን ላይ ቦርሳው ወደቀና ተከፈተ። ጋቢ፣ የሱፍ ካልሲ፣ አጥሚት የያዘ ፔርሙዝ፣ አንድ ፌስታል ሎሚ ወጣ።

"ለአምስት ደቂቃ ጋቢ?" አልኳት።

"ብርድ ነዋ።"

"ሎሚውስ?"

"ለ... ለሻይ።"

"እነዚህስ?" ተጣጥፈው የተቀመጡ ባዶ ፌስታሎችን አነሳሁ። ሦስት ነበሩ። ለማስመለስ እንደሆኑ ገባኝ።

ወደ መስኮቱ ዞረች።

"እትዬ፣ ወደ ኬሞ እየወሰድሽኝ እንደሆነ አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?" አለች ደንግጣ።

"ዶክተሯ። በሐምሌ።"

"በሐምሌ!" ስትል ፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ሁሉ ዞረው አዩን።

ከዚያ ዘረገፈችው። በቀረሁበት ማክሰኞ ሆስፒታሉ የደወለው ለባለቤቴ ነው፤ ካርዴ ላይ የተመዘገበው የእሱ ስልክ ነው። ነርሷ የኬሞ ቀጠሮ እንደነበረኝ፣ እንደቀረሁ፣ ነሐሴ ሳያልቅ እንዲያመጣኝ ነገረችው። እሱም ስልኩን ዘግቶ ከሽሮ ሜዳ እስከ እህቴ ቤት በዝናብ በእግሩ ሄደ። እርጥብ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ፣ "አልነገሯትም፤ ብታውቅ ኖሮ ትነግረኝ ነበር። ለታመመ ሰው ይህን ፊት ለፊት ማን ይናገራል?" አላት። እህቴም እውነቱን ነው አለች። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚው አይደርስም፤ ዘመድ ይሸከመዋል። ሁለቱ ተመካክረው ለቁስል ነው ብለው ሊያመጡኝ፣ ዶክተሯ ቀስ አድርጋ እንድታስረዳኝ ወሰኑ። ለእናቱም ነገራቸው።

"ጋሞ ድረስ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት እያልን ስናለቅስልሽ ነበር" አለችኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ አፍንጫዋን እየጠረገች ተቆጣችኝ። እኔ ግን ሳቁ ቶሎ ጠፋብኝ። ወተቱን አሰብኩት፣ እንቁላሉን፣ ከግቢ እየወጣ የሚያወራውን ስልክ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔ የማላውቅ መስሎት ከእኔ ደብቆ ተሸክሞታል፤ እኔም እሱ አያውቅም ብዬ እንዲሁ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ። ከመድኃኒቱም ከበሽታውም ይልቅ ያ ሦስት ሳምንት አንገበገበኝ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የሚለብሰውን ጃኬት ለብሶ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከብብቱ ሥር ይዟል። መጀመሪያ ያየው እህቴን ነው፣ ነገርሻት ወይ በሚል ዐይን።

"ታውቃለች" አለችው እህቴ። "ከአንተ በፊት ነው ያወቀችው።"

ወደ እኔ ዞረ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተስ?"

ጋዜጣውን ሰጠኝ። ስገልጠው ያ ስስ ነጭ ጨርቅ ነው፤ ታጥቦ፣ ታጥፎ።

"ፀጉር ሲረግፍ ጭንቅላትን ወፍራም ጨርቅ ይሻክረዋል አሉኝ" አለ። "ጥለት ያሳክካል ብዬ አላገባሁበትም።"

"ያቺ ባለ ጥድፊያ እኔ ነኝ?"

"አንቺ ነሽ።"

"ስሰድባት ነበር እኮ።"

"ሰምቼሻለሁ" አለኝ።

እዚያው በር ላይ፣ ሰው እየገፋን ሲያልፍ፣ አለቀስኩ። ስለ እናቱ ድር ስጠይቀው ቁረጠው ያሉት ራሳቸው መሆናቸውን ነገረኝ። "መስቀል የሚመጣ ዓመትም አለ፤ ለእሷ አስቀድም አለችኝ" አለ። ከዚያ ሦስታችንም ገባን። ዶክተሯ ስታየን ወደ ቀን መቁጠሪያዋ ተመለከተች እንጂ የት ጠፍተው ነው አላለችኝም። ደሜ ተመረመረ፣ መርፌው ገባ። እህቴ ጋቢውን እግሬ ላይ አደረገች፣ እሱ ነጩን ጨርቅ ትከሻዬ ላይ። አጥሚቱን የጠጣችው ግን እህቴ ናት።

ፀጉሬ ከሁለተኛው ዙር በፊት ረገፈ። ጨርቁ እውነትም አያሳክክም ነበር። በመስቀል ሰሞን መንደሩ እንደ ልማዱ ጭር ሲል እኛ ቀረን። ሥጋ ገዝቶ በአገሩ ደንብ በቅቤ ሠራው፤ ሽታው ሲያቅለሸልሸኝ ሳህኑን ይዞ ጓሮ ወጣና ዳሱ ሥር ብቻውን በላ። በመስኮት አየው ነበር። ጠያቂዎቼም እንደገና መጡ፤ አታለልሽን ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም፣ ብርቱካኑም ያው ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ለአራተኛው ዙር ብቻዬን ሄድኩ። ደሜን አይተው አንሶ አገኙት። ዶክተሯ ወረቀቷ ላይ እየጻፈች፣ "ዛሬ አንሰጥዎትም፤ በሳምንት ይመለሱ። መድኃኒቱን በሌላ እንተካዋለን፣ ሁለት ዙርም ይጨመራል" አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ግን እጄ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አራት ቦታ። በሳምንቱ ሄጄ እወስደዋለሁ፣ ለምን አስጨንቀዋለሁ፣ ስለ ተጨመረው ደግሞ ሲደርስ ይሰማል እያልኩ ነበር። የቤቴ በር ላይ ስደርስ እንደ ሐምሌው እያደረግኩ መሆኔን አወቅኩ። ወረቀቱን ዘርግቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በቀጥታ ጓሮ ሄድኩ።

"ዛሬ አልሰጡኝም" አልኩት። "ደሜ ቀንሷል። ለሳምንት ተራዘመ። መድኃኒቱንም ቀይረውታል፣ ሁለት ዙርም ተጨምሯል። ፈርቻለሁ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጧል፣ ግን አይሸምንም ነበር። ጭኑ ላይ ያ ከማዳበሪያው ከረጢት ያየሁት የእናቱ ድር አለ። ክሩን አንድ በአንድ ከአዲስ ክር ጋር እየቋጠረ ነው። ከግማሽ በላይ ተቋጥሯል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"እየቀጠልኩት።"

"የተቆረጠ ድር ይቀጠላል እንዴ?"

"ይቀጠላል። ጊዜ ይፈጃል እንጂ። ቋጠሮው ከጥለቱ ሥር ይደበቃል።"

ሃያ ዓመት ሙሉ ለስንት ሙሽራ፣ ለስንት እናት አይቻልም እንዳልኩ አሰብኩ። እሱም እንዲህ ማለቴን ያውቅ ነበር።

"ታዲያ አይቆረጥም፣ አይቀየርም ስል ለምን ዝም አልክ?"

"አልጠየቅሽኝማ" አለኝ።

የቀሩትን ክሮች እስኪቋጥር አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ሲጨርስ ከጉድጓዱ ወጣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ወደ አጥሩ ሄዶ ሚስማሩን በመዶሻው ነቀለው። ከዚያ የድሩን ጫፍ ይዞ መጣና ዘረጋልኝ። በቀኝ እጄ ያዝኩለት፤ እሱም ሌላውን ጫፍ ይዞ ወደ ግቢው መጨረሻ መሄድ ጀመረ።